ፀሐይን በደቡብ ያጠለቅኩበት ግድግዳ

በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ እኔን "ሰዓሊ" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከራሴ በቀር አልነበረም። ለከተማው ጥሩዬ ቀለም ቀቢዋ ነበርኩ። የፀጉር ቤት በር ላይ ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት፣ የሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ የደለበ በሬ፣ የሞባይል መጠገኛ ላይ ከሰው የሚበልጥ ስልክ የሳልኩት እኔ ነኝ። በሬዬስ የሚታማ አልነበረም። አንድ ገበሬ ፊቱ ቆሞ "ይህስ ለፋሲካ ይደርሳል" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቢሆንም ሰው ሲያስተዋውቀኝ "ያቺ ቀለም የምትቀባው ልጅ" ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

በቤታችን ሰዓሊ የሚባለው አባቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይስላል፤ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። እኔም ብሩሽ አያያዝ የተማርኩት ከእሱ ነው። መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር መስመር ነበር። "መስመር የሥዕል አጥንት ነው፤ አጥንት የሌለው ሥጋ አይቆምም" ይለኛል። በአባቴ ሥዕል ቅዱሱም፣ ፈረሱም፣ ጦሩም፣ ዘንዶውም በጥቁር መስመር ተከብበው ነው የሚቆሙት። ተራራ ግን አይስልም። እኔን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስጎመጀኝ ተራራ፣ ገደልና ሰማይ ነበር። አንድ ቀን በጓዳው ግድግዳ ላይ የሳልኩትን ኮረብታ አየና፣

"ተራራና ሰማይን እግዚአብሔር ስሎ ጨርሶታል፤ አንቺ ምን ልትጨምሪበት ነው?" አለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ኅዳር እንደገባ፣ ከሞጣ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሞጣ ላይ ሆቴል የሚሆን ፎቅ ሠርተው መጨረሳቸው ነበር። ቢቸና ለለቅሶ መጥተው በሬዬን አይተውታል።

"ልጄ፣ የጮቄን ተራራ ልትስዪልኝ ትችያለሽ? ትልቅ ነው የምፈልገው፤ የፎቄን ጀርባ የሚሞላ።"

"ጮቄን? ኧረ እትዬ፣ ጮቄንማ ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ!" አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ጮቄን ቢቸና ላይ በየቀኑ እያየሁ ነው ያደግኩት። ለአባቴ ስነግረው ብሩሹን አስቀመጠ። "ሂጂ" አለኝ። "ከሆነልሽ እኔ ራሴ ሰው ፊት ሰዓሊ ብዬ እጠራሻለሁ። ካልሆነልሽ ግን ከአክስትሽ ልብስ ቤት ገብተሽ ትሠሪያለሽ። በሬ እየሳሉ ዕድሜ አይገፋም።" እልኸኛ ነኝና ሳላስብ "እሺ" አልኩ። ቃል ደግሞ በእኛ ቤት ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ ጮቄ መንገዱን ሙሉ በግራ በኩል ነው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ተራራውም ቀስ እያለ ፊቱን ያዞራል። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠች ሴት ጋር የማናውቀውን ሰው ሰርግ እያማን ስንሄድ አንዴም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሞጣ ስደርስ ወይዘሮ ብርቄ በፎቁ ጎን አሳልፈው ወደ ጀርባው ግቢ አስገቡኝ። ከፎቁ ጀርባ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት አለ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሚገርመው ጀርባቸውን ለፎቁ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ቤት ግድግዳ አዙረው ነው የተቀመጡት። ሰላም ስላቸው ሳይዞሩ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ።

"አባቴ ናቸው፤ አባባ ይስማው ይሏቸዋል" አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ ራቅ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት እዚህ በር ላይ ተቀምጠው ጮቄንና ደመናውን ያያሉ፣ ከዚያ ስጥ ይውጣ ወይም አይውጣ ይላሉ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እህሉን ፀሐይ ላይ ከማስጣቱ በፊት 'አባባ ይስማው ምን አሉ?' ብሎ ይጠይቅ ነበር። ተሳስተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ይህን ፎቅ ሠራሁና ተራራቸውን ጋረድኩባቸው። ግንቡ ጮቄን ያለፈ ዕለት ወንበራቸውን አዞሩ። ይኸው እስከ ዛሬ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ፎቁን ረግጠው አያውቁም።"

"እና እኔ...?"

"የጋረድኩትን ተራራ በጋረደው ግንብ ላይ ትመልሺልኛለሽ። ቅዳሜ ካህናት መጥተው ቤቱን ይባርካሉ። ያን ቀን አባቴ ወንበራቸውን ካላዞሩ ቤቱ ቢመረቅ ባይመረቅ ለእኔ ያው ነው።"

ሐዘናቸው ገባኝ። ፍርሃት ግን ጨርሶ አልገባኝም፤ ያኔ ከሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ በችሎታዬ የማልጠራጠር እኔ ብቻ ነበርኩ። ግድግዳው ጀሶ ተመትቶ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። አናጺዎቹ በባሕር ዛፍ መወጣጫ አቁመውልኛል። ወጥቼ አባቴ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ በጥቁር ቀለም መስመሩን አወጣሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ። ከዚያ ሞላሁት። ተራራውን ለምለም አረንጓዴ አደረግኩት፤ ጮቄ አረንጓዴ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ዛፉን በየቅጠሉ፣ ድንጋዩን በየድንጋዩ ሳልኩ። በመጨረሻም ልቤን የሚያሞቀውን ነገር ጨመርኩበት። በልጅነቴ ቢቸና ላይ እንደማያት፣ ፀሐይ በጮቄ ትከሻ ላይ ቀልታ ስትገባ አደረግኳት። ሰማዩን በብርቱካንና በቀይ አነደድኩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ወረድኩ። አብሳዮቹም፣ አናጺዎቹም፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። "ወይ ጉድ!" "እጅሽ ይባረክ!" ይሉኛል። ዘበኛው ብቻ ራሱን እያከከ፣

"ሲያምር! የት አገር ነው?" አለ። የቀለደ መሰለኝና ሳቅኩ።

ወይዘሮ ብርቄ አባታቸው ዘንድ ሄደው በለሰለሰ ድምፅ "አባዬ፣ እባክዎ አንዴ ዞር ይበሉልኝ" አሉ። አባባ ይስማው ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን ብቻ መለስ አደረጉ። አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ከወዴት ነሽ ልጄ?"

"ከቢቸና ነኝ አባባ።"

"ነው እንጂ! ይህማ የቢቸና ጮቄ ነው።" በከዘራቸው ወደ ሥዕሉ አመለከቱ። "ለእኛ ለሞጣዎች ጮቄ በደቡብ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ፀሐይ ከጮቄ ጀርባ ስትገባ አይቼ አላውቅም። ፀሐይን በደቡብ ያጠለቅሽ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቅድም እጅሽ ይባረክ ያሉኝ ሁሉ ሳቁ። አባባ ይስማው ግን አልጨረሱም።

"ደግሞ ይህን ጥቁር አጥር ማን አጠረበት? ተራራው እንዳያመልጥ ነው?"

ይህን ብለው ፊታቸውን መልሰው አዞሩ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወረወርኩትና ከመወጣጫው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ስልኬ ላይ ደወለ፤ አላነሳሁም። የአክስቴ ልብስ ቤት መደርደሪያ፣ የተሰቀለው ቀሚስ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ወይዘሮ ብርቄ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እትዬ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው።

"ቅዳሜ እኮ ነው ልጄ። ከየት አመጣለሁ?"

ሳለቅስ ቆይቼ እንባዬ ወደ ንዴት ተቀየረ። ይህ የእኔ ጠባይ ነው። ተነሥቼ አባባ ይስማው ፊት፣ በእሳቸውና በቤታቸው ግድግዳ መካከል ገብቼ ቆምኩ።

"እሺ አባባ፣ የእርስዎ ጮቄ ምን ይመስላል? ይንገሩኝና ልሳለው።"

"ተራራ ይነገራል እንዴ? ሂጂና እይው እንጂ።"

"ከየት ልየው? ተጋርዷል እኮ!"

"እኔን ነው የጋረዳችሁኝ። እናንተማ አናቱ ላይ ወጥታችኋል" አሉና በከዘራቸው ወደ ላይ፣ ወደ ፎቁ ጣሪያ አሳዩኝ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ጣሪያው ገና ፌሮ የሾለበት፣ የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ሰፊ ሲሚንቶ ነው። ታንከሩን ተደግፌ ወደ ደቡብ ዞርኩ። ጮቄ ነበረ። ግን የማላውቀው ጮቄ ነው። እኔ የማውቀው ትከሻ የለም፤ የማላውቃቸው ሌሎች ትከሻዎች አሉ። ጋደም ብሎ፣ ተዘርግቶ፣ አገሩን ሁሉ ይዞታል። በሕይወቴ ሙሉ ፊቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለሞጣ ሰው ፊቱ ይኼኛው ነው። ፀሐይዋም በቀኜ በኩል፣ ከተራራው ርቃ፣ በራሷ መንገድ ስትወርድ አየኋት። አፈርኩ።

በማግስቱ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተመልሼ ወጣሁ። በመጀመሪያ የፈለግኩት መስመሩን ነበር። ተራራው ከሰማዩ የሚለይበትን ጥቁር መስመር ዓይኔን እያጠበብኩ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፤ የለም። አንድ ሸንተረር ከሌላው ጀርባ ይቆማል፤ ነጠላ በነጠላ ላይ እንደተደረበ፣ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየሳሳ፣ እየነጣ ሄዶ መጨረሻው ከሰማይ ጋር ይነካካል። የት ላይ ተራራው አልቆ የት ላይ ሰማዩ እንደጀመረ ማንም ጣቱን ሊያስቀምጥ አይችልም። በግራ ትከሻው ላይ ደግሞ አንዲት ድፍን ያለች ደመና ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ጠቆር ብላለች።

ከሴራሚክ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደድኩና የትናንቱን አረንጓዴዬን ቀባሁበት። እጄን ዘርግቼ ካርቶኑን ከተራራው ጎን አስተያየሁት። ጎመን መሰለ! እውነተኛው ተራራ አረንጓዴ አይደለም። ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊም ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ግራጫ፣ ትንሽም ወይን ጠጅ አለበት። እኔ አረንጓዴ ያደረግኩት አረንጓዴ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ወጥቼበት ሣሩን ስለረገጥኩት ነው። እዚህ ሆኜ ግን ሣሩ አይታየኝም። የሚታየኝ በእኔና በሣሩ መካከል ያለው አየር ነው።

ነጭ ጨመርኩ፣ አስተያየሁ፤ ገና ነው። ሰማያዊ ጨመርኩ፤ አሁን ደግሞ በዛ። ጠብታ ቀይ ጨምሬ አሸሁት። ካርቶኔን አሥሬ እያነሳሁ፣ አሥሬ እየጣልኩ ፀሐይዋ ሞቀች። በመጨረሻ ካርቶኑን ዘርግቼ ሳየው ጠርዙ ጠፋብኝ። ከተራራው ጋር አንድ ሆነ፤ እጄ ላይ የያዝኩት የጮቄ ቁራጭ ሆነ። ብቻዬን ጣሪያ ላይ እልል አልኩ። ዘበኛው ከታች "ምን ሆነሽ ነው?" ብሎ ጮኸ። "አገኘሁት!" አልኩት። ምን እንዳገኘሁ ግን አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሩጫ ሆነ። ግድግዳው ካለበት ተራራው አይታይም፤ ተራራው ከሚታይበት ግድግዳው የለም። ስለዚህ ካርቶን ላይ ቀለም እያሰማመርኩ ከጣሪያ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጣሪያ ደረጃውን ስመላለስ ዋልኩ። የትናንቱን ሥዕል ደም ከመሰለችው ፀሐይ ጋር በነጭ ቀለም ደፈንኩት። ከሩቁ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የሳሳውን፣ ቀጥሎ ደመቅ ያለውን፣ እያልኩ ወደ ቅርቡ መጣሁ። እጄ ግን ልማዱን አልተወም። ሳላዝዘው ጥቁሩን ቀለም ነክሮ ተራራውን ሊያጥር ይነሳል። ስለዚህ ጥቁሩን ጣሳ ለዘበኛው ሰጥቼ "ብለምንህም እንዳትሰጠኝ" አልኩት። ተራራው ከሰማይ የሚነካካበትን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አሸት አሸት አደረግኩት። ያችን ጠዋት ያየኋትን ደመናም ከግራ ትከሻው ላይ አስቀመጥኳት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ካፊያ መጣ። ኅዳር ላይ ዝናብ! አናጺዎቹ ላስቲክ ይዘው እየሮጡ ግድግዳዬን አለበሱልኝ። ግማሹን ሥራዬን እግዚአብሔር አተረፈልኝ፣ ግማሹን አናጺዎቹ።

አባባ ይስማው ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ናቸው። ዓርብ ዕለት ግን ሳይዞሩ፣

"የቢቸናዋ፣ አጥሩን አፈረስሽው?" አሉኝ።

"አፈረስኩት አባባ።"

"ፀሐይቱንስ?"

"ወደ አገሯ ሰደድኳት።"

ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስቀው ይሁን ሳል ይዟቸው እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ቀለም አሳረፍኩ፤ የቅርቡን ባሕር ዛፍ ጠቆር አድርጌ፣ የታጨደውን የጤፍ ማሳ ቢጫ አድርጌ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩ። እንግዳው ወደ ጀርባው ግቢ መጣ። አናጺዎቹ መወጣጫውን አፈረሱት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በቀለም የቆሸሸ እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ።

"አባዬ" አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

አባባ ይስማው አንገታቸውን መለሱ። ሥዕሉን ከቀኝ ጀምረው ወደ ግራ በዓይናቸው ሄዱበት። ግራ ትከሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በድንገት ቆጣ ባለ፣ በትልቅ ድምፅ፣

"ብርቄ! ስጡን አስገቡ! ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል!" አሉ።

አንዲት የሰፈር ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ ቆመች። ግቢው ውስጥ ስጥ የለም፤ ማስጣቱ ከቀረ ቆይቷል። ያለው የእንግዳ መኪና ነው። ሳቁ ፈነዳ። አባባ ይስማው ራሳቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ሳቁ። ወይዘሮ ብርቄ ግን እያለቀሱ ነበር።

"ነይ እስቲ" አሉኝ ሽማግሌው ሳቃቸው ሲበርድ። "ይህችን ደመና መቼ ነው ያየሻት?"

"ሐሙስ ጠዋት ነው አባባ።"

"ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘነበ አይደል?" ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። "ዘነበ!" አሉ አናጺዎቹ በአንድ አፍ። "አያችሁ! እኔ ሐሙስ ጮቄን አላየሁም። ይህ ግንብ ጋርዶኝ ነበር። ዛሬ ግን ሐሙስን አሳየችኝ።"

ከዚያ ተነሡ። ሊያግዟቸው የቀረቡትን በከዘራቸው መለሷቸው። ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አዞሩና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አድርገው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተራራቸውን ማየት ጀመሩ።

ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ በሬዬም ጭምር ተመስግኗል። እንደዚያች ወንበር መዞር ያስደሰተኝ ነገር ግን የለም። በደስታ የምሆነውን አጥቼ ዘበኛውን አቀፍኩት። እሱም ጥቁሩን ጣሳ መለሰልኝ።

ይህን የማወጋችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ጉራም አለበት፣ አልዋሽም። እኔ ጮቄን ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ ብዬ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜም ሳልኩት። እናንተም በደንብ የምታውቁት ነገር ካለ፣ አገራችሁም ይሁን ሰው፣ አንድ ቀን ከሌላው ሰው በር ላይ ቆማችሁ እዩት። ያ ሰው ምን እያየ እንዳደገ ያኔ ይገባችኋል። እኔ ከዚያ ወዲህ የምስለው ተራራ ሁሉ ከማን በር ላይ እንደሚታይ ሳልጠይቅ ብሩሽ አላነሣም። ሥራም አልጠፋኝም፤ ቢቸናም ሞጣም መርጡለ ማርያምም ግድግዳ ሞልቷል።

ስለ አባቴ ሳልነግራችሁ ልጨርስ አልችልም። ወይዘሮ ብርቄ ራሳቸው ደውለው ጠሩት፤ መጣም። ከአባባ ይስማው አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት ሥዕሉን ሲያይ ቆየ። ምንም አላለም። ቢቸና እስክንመለስም ምንም አላለም። መቼም አባቴ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም ብዬ ተጽናናሁ።

ከወራት በኋላ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሊያሠሩት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እኔ ውሃ ላቀርብላቸው ገባሁ። አባቴ ሸራውን ወጥሯል፤ ቅዱሱና ፈረሱ በመስመር ወጥተዋል። ከኋላቸው ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

"ይህ ባዶው ምንድን ነው?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"እሱ የእኔ አይደለም" አለ አባቴ። "መስመሩ የእኔ ነው። ከኋላ የሚመጣውን ተራራ ግን የምትስለው ይህች ናት። ሰዓሊ ልጄ ናት።"

ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ሰው ፊት ነው። ስለዚህ የመጣልኝን ጠየቅኩ፣

"አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከጮቄ በየት በኩል ናት?"